የአሰብ አራስ ቤትና አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል

ከደሴ የወጣነው ገና ሳይነጋ ነው። እናቴ ካሚዮኑ ጎን ቆማ እጄን አልለቅ አለች። ሆዴ ገፍቷል፤ ባለቤቴ ታደሰ ለአስተማሪነት አሰብ ተመድቧል፤ እሱን ያሳደጉት አክስቱ እትዬ ወርቄ ደግሞ ስወልድ ሊያርሱኝ አብረውን ሊወርዱ ነው። የእናቴ የመጨረሻ ቃል ለእሳቸው ነበር፦ «አደራሽን ወርቄ፣ ነፋስ እንዳያገኛት፤ በሩን ዝጊልኝ።»

ደሴ ላይ ልክ ናት እኮ! የጦሳ ተራራ ጉም ለብሶ ሲያድር ብርዱ አጥንት ይገባል። ግን ከባቲ ወዲያ ቁልቁል ስንወርድ ሹራቤን አወለቅሁ፤ ሚሌን ስናልፍ ነጠላዬንም ጣልኩ። እትዬ ወርቄ ብቻ ወፍራሙን ብርድ ልብስ እንደታቀፉ አሰብ ገቡ። ወደዚህ ልትወርዱ የምታስቡ፣ ይቺን ልብ በሉልኝ።

አከራያችን ሐጂ ሰይድ የወሎ ሰው፣ ባለሱቅ ናቸው። ክፍሏን ሲያሳዩን፣

«ሐጂ፣ መስኮቱ የታል?» አልኳቸው።

«መስኮት ምን ይሠራል ልጄ? ሙቀት ነው የሚያስገባው።»

«ውሃስ?»

«በአህያ ይመጣል። ካልመጣ ባሕሩ ያው፣ ወላሂ በነጻ ነው!»

እኔ ተማሪ ቤት አልገባሁም፤ ፊደልም የለየሁት በራሴ ነው። ታደሰ ይህን ስለሚያውቅ ከሥራ ሲመለስ አንድ አንድ የእንግሊዝኛ ቃል ያመጣልኛል። አንድ ቀን «አውትሬጅስ» አለኝ፤ ከልክ ያለፈ፣ ሰው ሰምቶ ክው የሚልበት ማለት ነው። ወደድኳት፤ ያገኘሁትን ሁሉ በእሷ ጠራሁ። ሙቀቱ አውትሬጅስ፣ የሐጂ ኪራይ አውትሬጅስ፣ ገበያ ያየሁት ዓሣ አውትሬጅስ።

«ኪራዩስ ይሁን» አለኝ እየሳቀ፣ «ዓሣው ምን አደረገሽ? ትልቅ ነገር ሁሉ አይደለም እኮ። ሰው ‹ኧረ ይህስ አይደረግም!› ብሎ ከመቀመጫው የሚነሳበት ነገር ሲሆን ነው። በከንቱ አታድክሚያት።»

ወንድ ልጅ የወለድኩት ደሴ ክረምት ሲሆን፣ አሰቦች ራሳቸው በሚፈሩት የሙቀት ወር ነው። እትዬ ወርቄ በሩን ዘጉ፤ ስንጥቁን በጨርቅ ወተፉ፤ ልጁን በዚያ ብርድ ልብስ ጠቀለሉት። ውጭ ትኩሱ ነፋስ ቆርቆሮውን ይደበድባል። ታደሰ ደጅ ተቀምጧል፤ አራስ ቤት አይገባም፣ የአክስቱንም ቃል አያልፍም።

ጎረቤታችን ፋጡማ፣ ዒድ ከሚባለው የባሕር ዳር መንደር የመጣች አፋር ናት፣ በሩን መታች። «አራስ፣ በር ክፈች! እዚህ አገር ልጅ አይሸፈንም!»

«ሂጂ ወዲያ! የአራስ ነገር አንቺ ምን ታውቂያለሽ?» አሏት እትዬ ወርቄ፣ ሰባት ልጅ ያሳደገችውን ሴት።

በማግስቱ ከሰዓት ልጁ ማልቀሱን ተወ። «ይኸው፣ ተስማማው» አሉ፣ ከፊታቸው ላብ እየተንጠባጠበ። ጡቴን ሰጠሁት፣ አልያዘም። ግንባሩ እሳት፣ ከንፈሩ ደረቅ።

«እትዬ፣ ኧረ እንግለጠው።»

«ነፋስ ይምታው? ለእናትሽ ምን ልበላት?»

እንቅልፍ አጥተው የሚጠብቁኝን ሴት ምን ብዬ ልናገር? የአማርኛው ቃል ሁሉ አፌ ላይ ሲደርስ ስድብ ሆነብኝ። ያን ጊዜ ነው ባለኝ ጉልበት «ታደሰ! አውትሬጅስ!» ብዬ የጮህኩት።

ወንበሩ ሲወድቅ ሰማሁ። በሩን በትከሻው በረገደው፤ አክስቱን ቀና ብሎ ሳያይ ልጁን ከብርድ ልብሱ አውጥቶ ለፋጡማ ሰጣት። እሷም ሰሌን ውሃ ነክራ በሩ ላይ ሰቀለች፤ ገላውን በእርጥብ ጨርቅ ታብሰው ጀመር። ያ ትኩስ ነፋስ በእርጥቡ ሰሌን አልፎ በረድ ብሎ ገባ። ብዙ ቆይቶ ልጁ ቀጭን ድምፅ አወጣ።

እትዬ ወርቄ ጥጉ ላይ ብርድ ልብሱን እያጠፉ፣ «ምን ብላ ነው የጠራችህ?» አሉት። ታደሰ ሰሌኑን ደግሞ ሊነክር ወጣ። ወዲያው በተገኘው ካሚዮን ወደ ደሴ ሲመለሱ፣ «እኔ አደራዬን ተወጥቻለሁ» አሉ። «ለነፋስ የሰጣችሁት እናንተ ናችሁ። ክርስትናው ሳይደርስ ታዩታላችሁ።»

ልጁ አሁን ይጠባል። ግን አቧራው ሲነሳ ያስለዋል፤ እኔም ሰሌኑን እያረጠብኩ ትንፋሹን አዳምጣለሁ። ክርስትናው ገና ነው።

ትናንት ስልክ ቤት ሄጄ እናቴን አስጠራኋት። ከድምፅዋ ጀርባ ቆርቆሮ ላይ የሚወርድ ዝናብ ይሰማል፤ የደሴ ዝናብ! እንዲመታኝ አንገቴን ላሰግግ ምንም አልቀረኝም።

«ወርቄ ነግራኛለች» አለች። «ልጄ፣ በሩ ተዘግቷል?»

ልጁ ደረቴ ላይ ነው፣ በስስ ነጠላ ብቻ።

«ተዘግቷል እማዬ» አልኳት።

ልጁ ሳለ።

«ማነው የሚያስለው?» አለች፤ መስመሩም ተቋረጠ።