የአራተኛው ሰው ቦታ

ጓደኛችን በሞተ በሦስተኛው ቀን፣ ለንደን ባተርሲ ካለው ቤቱ ለቅሶ ተቀምጠን ሳለ፣ ቤት አሻሻጩ ወዳጃችን ወደ ጆሮዬ ጠጋ ብሎ «ለመሆኑ የእሱን ቦታ ማን ይያዘው?» አለኝ። ሟቹ የዕድራችን ጸሐፊ ነበርና ስለዚያ የሚጠይቀኝ መስሎኝ «ቀስ ብለን እንነጋገርበታለን» አልኩት።

«ቀስ የሚባል ነገር የለም። የስኮትላንዱ የጎልፍ ጉዞ ቡኪንግ ላይ ስም መቀየር የሚቻለው እስከ ዓርብ ብቻ ነው።»

የዘገንኩትን ንፍሮ ወደ ሳህኑ መለስኩት።

ጎልፉን ያመጣብን ሟቹ ራሱ ነበር። አውቶቡስ ሲነዳ ኖሮ ወገቡን ቢያመው፣ ሐኪሙ በእግርህ ተንቀሳቀስ አለው፤ እሱ ደግሞ ያለ ምክንያት መራመድ የማይሆንለት ሰው ነበር። አንድ ቅዳሜ ማንም ከፍሎ የሚገባበት ሜዳ ሄዶ ዱላ ተከራየ። ከዚያ እኔን፣ ቀጥሎ ቤት አሻሻጩን፣ በመጨረሻም ቶተንሃም ፋርማሲ ያለውን ጓደኛችንን ጎትቶ አስገባን። በዚህ ዕድሜያችን ሣር ለሣር ኳስ ፍለጋ ስንርመሰመስ ላየን ያስቅ ነበር።

የስኮትላንዱም ጉዞ የእሱ ሐሳብ ነው። ቤት አሻሻጩ በቴሌቪዥን የሚታዩት የባሕር ዳር ሜዳዎች ካልሆኑ ብሎ ቢያስቸግር፣ እሱ በጄ አላለም። «ባሕር ምን ያደርግልኛል? እኔ ማየት የምፈልገው ተራራ ነው» ይል ነበር። የብርዱን ወራት ሙሉ ከሥራ ሲወጣ ስልኩ ላይ ካርታ እያየ መረጠ። አንዱን ሜዳ ጥድ ከቦታል፤ አንዱ ሐይቅ አጠገብ ነው፤ ሌላው ጋ ኮረብታው ሐምራዊ አበባ ይለብሳል። እኔ ሂትሮው አውሮፕላን ማረፊያ ጥበቃ ስለምሠራ ፈረቃዬን አስተካክዬ፣ ፈቃድ አስሞልቼ ጨርሼ ነበር።

በዚህ አገር ሰው በሞተ ማግስት አይቀበርም። አስከሬኑ ገና ሆስፒታል ማቀዝቀዣ ውስጥ ነው። ሚስቱ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ሶፋው ጥግ ተቀምጣለች። እዚያው ፊት ለፊቷ፣ ቤት አሻሻጩ ወጥ በነካ ጣቱ ስልኩን እየዳበሰ የሜዳ ፎቶ ያሳየናል።

«አንድ እንግሊዛዊ ደንበኛ አለኝ» አለ። «ከባድ ሰው ነው። እሱን ይዘነው ብንሄድ ለሁላችንም በር ይከፍትልናል። ብቻ እነዚህ የገጠር ሜዳዎች አይመጥኑትም፤ ሰርዘን ወደ ባሕሩ እንቀይረው።»

ይቆጣልኛል ብዬ ፋርማሲስቱን አየሁት። እሱ ግን ጢሙን በሶፍት እየጠረገ «ሰውዬው ጥሩ ይጫወታል?» ብሎ ጠየቀ።

«ገና አልቀበርነውም እኮ!» አልኩ።

«ታዲያ ምን አደረግን? ለቅሶ ቤት ሰው ይጫወታል። ሐዘንተኛ የሚጽናናው እንዲህ ነው» አለኝ ቤት አሻሻጩ፤ ያውም ድምፁን ከፍ አድርጎ።

ይህን እያለ ጣቱ የማስታወቂያ ቪዲዮ ነካና የስኮትላንዶች ዋሽንት ቤቱን አናጋው። ሴቶቹ ዞር ብለው አዩን። ሻይ ታዞር የነበረችው የሟቹ ልጅ ትሪውን እንደያዘች ፊታችን ቆመች።

«አር ዩ ሲሪየስ?» አለችው። ከዚያ በአማርኛ፣ ቀስ ብላ፣ «የሞተው እኮ አባቴ ነው።»

እዚህ ላይ እንኳ ያፍራል ብዬ ነበር። «ይቅርታ የኔ ልጅ» አለና ስልኩን ኪሱ ከተተ። ወዲያው ግን ፊቱን አጨፍግጎ ወደ እናቷ ዞረ። «እህቴ፣ እንዲያው ዱላዎቹን ለማንም ከምትሰጫቸው፣ እሱን እያስታወስኩ ብጫወትባቸው ነፍሱ ደስ ይላታል።»

እናትየው ቀና ብላ አየችው። «ኮሪደሩ ላይ ናቸው፤ ውሰዳቸው» አለች። «እኔም እነሱን ማየት አልችልም።»

እስኪመሽ እንኳ አልጠበቀም። ተነሥቶ ቦርሳውን ትከሻው ላይ አንጠለጠለና፣ ዱላዎቹን እያንቋቋ በለቀስተኛው መሃል አለፈ። አንድ ትልቅ ሰው ተው ይለዋል ብዬ ጠበቅሁ። ማንም አላለውም። ተከትዬው ወጣሁና ሊፍቱ ጋ ደረስኩበት።

«መልሰው» አልኩት።

«ራሷ አይደለች እንዴ የሰጠችኝ?»

«የሰጠችህ ከፊቷ ዞር እንድትልላት ነው።»

ሳቀ። «አንተ ደግሞ ነገር ታካብዳለህ። ይልቅ ትመጣለህ አትመጣም?»

«አልመጣም።»

«እንግዲያው ሁለት ቦታ ተለቀቀ ማለት ነው» አለ፤ ሊፍቱም ተዘጋ። ዘመኔን ሙሉ ብዙ ብልግና ሰምቻለሁ፤ እንደዚያ ያንገሸገሸኝ ግን የለም።

ከቀብሩ በኋላ ብዙም ሳይቆዩ ሄዱ። ከባሕሩ ዳር ፎቶ ይልኩልኝ ጀመር። በአንዱ ላይ እንግሊዛዊው የጓደኛዬን ዱላ ይዞ፣ ቤት አሻሻጩ ከጎኑ ጥርሱን ገልጦ ቆሟል። ቤት አሻሻጩንም ፋርማሲስቱንም ብሎክ አደረግኋቸው።

በአርባው ተዝካር ላይ ግን ማምለጫ አልነበረኝም። ቤት አሻሻጩ ፊቱ በባሕር ነፋስ ቀልቶ፣ ሳህኑን ከምሮ፣ እየሳቀ ወደ እኔ መጣ። ትከሻውን ለሰላምታ ሲያቀርብልኝ ወደ ኋላ አልኩና እጄን ብቻ ዘረጋሁለት። መዳፉ ሞቃትና ልስልስ ያለ ነበር። መታጠቢያ ቤት ገብቼ በሳሙና ታጠብኩ፤ ደግሜም ታጠብኩ።