ሐጃ ሰዕዲያ ዶሮውን ይዘው የጠፉ ዕለት

ይህ የሆነው ካቻምና ክረምት ነው፤ ገዳሪፍ ላይ ዝናቡ ቀኑን ከምሽቱ አላስለይ ባለበት ሰሞን። ከዚያ የባሰ ብዙ ነገር አይቻለሁ፤ ደርሶብኛልም። ግን ዶሮ በቀስታ ሲበስል በሸተተኝ ቁጥር ትዝ የሚለኝ ያ ከሰዓት በኋላ ነው። አንዳንዴ በእውኔ የሆነ ሳይሆን ተኝቼ ያየሁት ይመስለኛል። ሳይደበዝዝብኝ ልጻፈው ብዬ ነው።

እኔ ጎንደሬ ነኝ። ፋው እርሻ ላይ አረም ስነቅልና ጥጥ ስለቅም ቆይቼ፣ ወገቤ እምቢ ሲለኝ ገዳሪፍ ገብቼ ሰው ቤት መሥራት ጀመርሁ። የካርቱሙ ጦርነት ሲነሳ ከተማው በተፈናቃይ ሞላ። እኔ ባለሁበት ግቢ ካሉት ክፍሎች አንዱን ሱላፋ የምትባል አስተማሪ ከእናቷ ጋር ተከራየችው። ሱላፋ ገበያ ውስጥ ሱቅ ተቀጠረችና ቀን ቀን እናቷን እንድጠብቅላት ጠየቀችኝ። እናትየዋ ሐጃ ሰዕዲያ ይባላሉ።

ሐጃ አይናገሩም ነበር። ዲዳ ሆነው አይደለም። “ከቤታችን ከወጣን ጀምሮ አንድ ቃል አልወጣትም” አለችኝ ሱላፋ። ይሰማሉ፤ ይሰግዳሉ፤ ሲሰግዱ ከንፈራቸው ይንቀሳቀሳል። ድምፅ ግን የለም። ነጭ ቶባቸውን ተከናንበው በረንዳው ላይ ባለችው የገመድ አልጋ ይቀመጡና የግቢውን በር ሲያዩ ይውላሉ።

ከካርቱም ያመጡት ትንሽ ልብስና አንድ ድስት ብቻ ነበር። ድስቱ እዚህ ከህረባ በሚሉት ኤሌክትሪክ የሚሠራ ነው፤ ሆዱ ወፍራም ሸክላ፣ ክዳኑ መስታወት። መንገዱን ሁሉ ሐጃ ጭናቸው ላይ አድርገው፣ ማንንም ሳያስነኩ ነው ያመጡት። ሱላፋ አሠራሩን ስታሳየኝ ሳቄ መጣ።

“ዶሮውን ከነሽንኩርቱ ጨምረሽ ክደኚው። ከዚያ ተይው። እስከ ከሰዓት በኋላው የዓስር ሶላት አትክፈቺው።”

“ሳላማስለው?”

“ሳታማስይው።”

እኛ አገር ዶሮ ማለት እጅሽ እስኪዝል የምታማስይው፣ ዓይንሽ በሽንኩርት እስኪጠፋ ቆመሽ የምትጠብቂው ነገር ነው። አንቺ ሌላ ሥራ ስትሠሪ በራሱ የሚበስል ዶሮ ሰምቼ አላውቅም። ለካ ቀላል ኖሯል። ዶሮውን በሎሚና በጨው አጥባለሁ፤ ሽንኩርትና ቲማቲም እከትፋለሁ፤ ነጭ ሽንኩርት፣ ድምብላል፣ በመጨረሻም እዚህ ዳክዋ የሚሉትን የተፈጨ ኦቾሎኒ በትንሽ ውኃ በጥብጬ አፈስበታለሁ። አለቀ።

ሐጃ ከአልጋቸው ሆነው ያዩኛል። ጨው ሲበዛ እጃቸውን ያነሳሉ። ውኃ ሲያንስ ጣታቸውን ወደ ጀሪካኑ ይቀስራሉ። አንድ ቀን ከመተማ በኩል የመጣልኝን በርበሬ በጣቴ ጫፍ ጣል ሳደርግ አፍንጫቸውን ያዙ። ተቆጡ ብዬ ስደነግጥ፣ ቆይተው ጣታቸውን ከፍ አደረጉልኝ፤ ጨምሪ ማለታቸው ነው። ጨዋታችን ይኸው ነበር።

ከዚያ ዝም ነው። መስታወቱ ላብ ይይዛል፤ ጠብታዋ ቀስ ብላ ትንሸራተታለች። ሽታው መጀመሪያ በረንዳው ላይ፣ ቀጥሎ ግቢው ሙሉ ላይ ይተኛል። ዝናቡ ቆርቆሮው ላይ፣ ሐጃ አልጋቸው ላይ፣ እኔ ደፉ ላይ። ሦስታችንም አንድ ዓይነት እንቅልፍ የያዘን እስኪመስለኝ ድረስ።

ያን ዕለትም ጠዋት ዶሮውን እንደ ልማዴ ጣድሁት። እኩለ ቀን ላይ ዝናቡ በረታና ከህረባ ሄደ። ዶሮው ግማሽ በግማሽ ነው። እንዲሁ ቢያድር ይበላሻል። ሸክላውን እሳት ላይ እንዳላወጣው ደግሞ ይሰነጠቃል ተብያለሁ። ወደ ብረት ድስት ገልብጬ በከሰል ላብስለው ብዬ ከሰሉን ባየው አልቋል።

“መጣሁ ሐጃ፤ ከሰል ልግዛ” ብያቸው ወጣሁ። ሱቁ ቅርብ ነው። ዝናቡ ግን ሱቁ በር ላይ ትንሽ ያዘኝ።

ስመለስ የግቢው በር ተከፍቷል። አልጋዋ ባዶ ናት። ድስቱም የለም፤ ገመዱ ሳይቀር።

ከሰሉን ጥዬ ሮጥሁ። የገዳሪፍን ጥቁር ጭቃ የረገጠ ያውቀዋል፤ አንድ እግርሽን ስትነቅይ ሌላው ይሰምጣል። መታጠፊያው ላይ የሐጃ አንድ ነጠላ ጫማ ተቀብሮ አገኘሁ። ወፍጮ ቤቱ በር ላይ የቆመ ሰውዬ፣ “አንዲት አሮጊት አለፉ፤ ቶባቸው ውስጥ ሕፃን የታቀፉ ይመስላሉ። ወደ መናኸሪያው ነው” አለኝ።

በእኛ ሰፈርና በመናኸሪያው መሐል ኾር አለ። በበጋ ፍየል የሚተኛበት ደረቅ ቦይ ነው፤ ያን ዕለት ግን ከአፍ እስከ ገደፉ ሞልቶ ይጮሃል። ጠርዙ ላይ ደርሼ ወደ ታች ሳይ፣ ነጭ ነገር ተጠቅልሎ በውኃው መሐል ይሄዳል። ዝናቡ ድምፅ የሌለው ሆነብኝ። ለሱላፋ ምን ብዬ እነግራታለሁ የሚለው ብቻ ነበር በጆሮዬ የሚመላለሰው። ነጩ ነገር ዞረና አንድ እንጨት ይዞት ቆመ። ባዶ የማሽላ ጆንያ ነው።

ድልድዩን እንዴት እንደተሻገርሁ አላውቅም። መናኸሪያው በጉምና በጢስ ተውጧል፤ ሰው ጥላ ጥላውን ይታያል። የጀነሬተር ድምፅ ከሩቅ ይንኮራኮራል። ገና ማንንም ሳላይ ሽታው ደረሰኝ። ዳክዋው፣ ድምብላሉ፣ ከሥሩ ያቺ የመተማ በርበሬ። የራሴ እጅ ሸተተኝ። አፍንጫዬን ተከትዬ ሄድሁ።

ሰማያዊ ሸራ የወጠረች ሻይ ሻጭ ነበረች። ከሸራው ሥር ሐጃ ሰዕዲያ ዱካ ላይ ተቀምጠዋል፤ አንድ እግራቸው ባዶውን ነው። ድስቱ ከፊታቸው ሳጥን ላይ ተቀምጦ፣ ገመዱ ከጎን ካለው ሱቅ ጀነሬተር ተሰክቶ፣ መስታወቱ ላብ ይዟል።

ሻይ ሻጯ ለምለም ትባላለች። አማርኛዋ ትግርኛ ትግርኛ ይላል። “አደይ በዝናብ ገመዱን ይዘው በየሱቁ ደጅ ሲቆሙ አየሁ” አለችኝ። “ሰው ያበዱ መስሎት ይስቃል። ከህረባ እንደፈለጉ ሲገባኝ ባለሱቁን ለመንሁት። ስማቸውን ብጠይቅ አይመልሱም፤ ቤታቸውን ብጠይቅ አይመልሱም። የሚፈልጋቸው ሰው ይመጣል ብዬ አስቀመጥኋቸው። ከትግራይ ሸሽተን በሐምዳይት ስንሻገር የእኔንም እናት እንዲህ ያስቀመጠችልኝ ሴት ነበረች።”

በእሷ ስልክ ለሱላፋ ደወልሁላት። ከዚያ ጎንበስ ብዬ፣ “ሐጃ፣ በሉ ቤታችን እንሂድ” አልሁና ገመዱን ልነቅል እጄን ዘረጋሁ።

ሐጃ እጄን ያዙኝ።

“ቁጭ በይ” አሉ። “ገና አልበሰለም።”

ድምፃቸው የሻከረ፣ ወፍራም ነበር። እንዲህ ዓይነት ድምፅ ያላቸው አልመሰለኝም ነበር። ድምፁ እንዳያመልጠኝ ቶሎ ቁጭ አልሁ።

አውቶቡስ የሚመጣበትን መንገድ እያዩ ቀጠሉ። “ከቤት የወጣን ቀንም ዶሮ ነበረበት። ባለቤቴ ሐጅ ዳቦ ሊገዛ ወጣ። ተኩሱ ቀረበ። ልጄ እንውጣ እንውጣ አለች። እኔ ደግሞ ርቦት ይደርስብናል ብዬ ከነድስቱ ይዤው ወጣሁ። መንገድ ላይ ሸተተና ሰዎች ደፉት። አሁን ሲመጣ ምን ላቀርብለት ነው?”

ለምለም ሻይ መቅዳቷን ትታ ቆመች። እኔም የሐጃን ባዶ እግር ጭኔ ላይ አድርጌ ጭቃውን በነጠላዬ ጫፍ መጥረግ ያዝሁ።

ቆይቶ አንድ አውቶቡስ እስከ መስኮቱ በጭቃ ተለቅልቆ ገባ። ሐጃ ተነሡ። የወረደውን ሰው ሁሉ አንድ በአንድ አዩ፤ ሴቱን፣ ሕፃኑን፣ ወጣቱን። ሐጅ የሉበትም። በመጨረሻ አንድ ሽማግሌ ዕቃ ሳይዙ፣ ጀለቢያቸው ሰውነታቸው ላይ ተጣብቆ ወረዱና ዝናቡን ሸሽተው ሸራችን ሥር ገቡ። ሐጃ ለረጅም ጊዜ አዩአቸው። ባላቸው መስሏቸው ይሆን ብዬ ፈራሁ።

አልመሰሏቸውም። ሐጃ ቀስ ብለው ተቀመጡ፤ ክዳኑን ከፈቱ። እንፋሎቱ ወጥቶ ለትንሽ ጊዜ ሁላችንንም ደበቀን።

“በስሏል” አሉ። “ዳቦ ያለው ሰው አለ?”

ዳቦው ከየት እንደመጣ አላየሁም። ሥጋው ከአጥንቱ ራሱ ይለቃል። ሐጃ ቁራሹን እያጠቀሱ ለሽማግሌው ሰጧቸው። “ቀስ ብለው ይብሉ፤ ትኩስ ነው።” ሽማግሌው አንድ ጎረሱና ዓይናቸውን ጨፍነው ቆዩ። ከዚያ ለምለም በላች፤ እኔ በላሁ፤ ጀነሬተሩን የሰጠን ባለሱቅ በላ፤ ከአውቶቡስ የወረደች አንዲት እናት ለልጇ አጎረሰች። አንድ ዶሮ ለዚያ ሁሉ ሰው እንዴት እንደበቃ ዛሬም አይገባኝም። ማንም አይጮህም፤ ማንም አይጣደፍም። ዝናቡ ሸራው ላይ ይወርዳል፤ የአፍ ድምፅና የሐጃ “ብሉ፣ ብሉ” ብቻ ይሰማል።

ሱላፋ ረክሻ የሚሉትን ባጃጅ ተሳፍራ የደረሰችው የመግሪብ ሶላት ሊደርስ ሲል ነው። እናቷን ከማየቷ በፊት ድምፃቸውን ሰማች። ጭቃው መሐል ቀጥ ብላ ቆመች።

“የት ቆየሽ?” ብለው ሐጃ ተቆጧት። “ክንፉን አስቀምጬልሻለሁ።”

ሱላፋ እዚያው ጭቃው ላይ ተቀምጣ እንደ ሕፃን አለቀሰች። ሐጃ ግን ክንፉን ይዘው እጃቸውን እንደዘረጉ ነበር፤ ተነሥታ እስክትበላላቸው ድረስ።

ሐጅ እስከ ዛሬ አልተገኙም። እናትና ልጅ ባለፈው ዓመት ወደ ካርቱም ተመለሱ፤ ቢመጡ ቤቱን ዝግ እንዳያገኙት ብለው ነው። ለምለም አሁን እንደ እህቴ ናት። እኔም እዚሁ ገዳሪፍ ነኝ።

ሐጃ ይደውሉልኛል። ስለ ቤታቸው ጣሪያ፣ ስለ ጎረቤታቸው ድመት፣ ስለ ሽንኩርት መወደድ፣ ስለ ሱላፋ ግትርነት ያወራሉ፤ አንዴ ከጀመሩ ማቆሚያ የላቸውም። አንዳንዴ ስልኩን ድምፁን ከፍ አድርጌ ደፉ ላይ አስቀምጠዋለሁ፤ ልብስ አጥባለሁ፣ ሽንኩርት እከትፋለሁ። ከሚሉት ግማሹን አልሰማም። ሰው ሲገባ፣ “ማን ነው የሚያወራው?” ይለኛል።

እኔ ግን አልዘጋውም። የእሳቸው ድምፅ ቤቱ ውስጥ እያለ አንድም ሰው የጠፋ አይመስለኝም።