በር የሚዘጋው ዳይሬክተር

ባለቤቴ እዚሁ ለንደን፣ ስትሪትሃም፣ እህቷ ቤት ከገባች ሦስተኛ ሳምንቷ ነበር። ጥፋቴ? በእናቷ ለቅሶ ላይ ሰዉን አጽናናለሁ ብዬ፣ ሟቿ እኔን ሲቆጡ እንዴት እንደነበር አስመስዬ አሳየሁ። ለቀስተኛው እስኪያነባ ሳቀ። እሷ ብቻ አልሳቀችም።

በእነዚያ ሳምንታት ፓርክ ሮያል ከምሠራበት የሳንድዊች ፋብሪካ እየተመለስኩ ያየሁት የድሮ የሆሊውድ የፍቅር ኮሜዲ ብዛት፣ እንኳን እኔን ቴሌቪዥኑንም አስረጅቶታል። በተለይ አንዱን ዳይሬክተር ላመልከው ምንም አልቀረኝ። ሰውዬው ባልና ሚስት ሲጣሉ አያሳይም፤ ሲታረቁም አያሳይም። በሩ ይዘጋል፣ ካሜራው ውጭ ቆሞ ይጠብቃል። በሩ ሲከፈት የባልየው ክራቫት ተጣሞ ታያለህ፤ በቃ፣ የቀረውን አንተው ትጨርሰዋለህ። አንዲት ጓንት የአንድ ሰዓት ንግግር ትተካለታለች። ይቅርታ የሚለው ቃል እንደ ዓሣ አጥንት ጉሮሮው ላይ ለሚሰነቀርበት ለእኔ ዓይነቱ፣ ከሰማይ የወረደ ዘዴ ነበር።

ስለዚህ ሁለት ሽማግሌዎች ይዤ፣ የረሳችውን የማንበቢያ መነጽር ኪሴ ከትቼ ሄድኩ። ሽማግሌዎቹ ጫማቸውን በር ላይ አውልቀው ገቡ፤ መረቁ፣ መከሩ፤ በመጨረሻ "በል ተናገር" አሉኝ። ተነሣሁ። መነጽሩን ፊቷ ካለው ጠረጴዛ ላይ ቀስ አድርጌ አስቀመጥኩና ዝም አልኩ። በእኔ ቤት ለንደን በሙሉ እያለቀሰ ነው።

"ምነው ተዘጋህ?" አሉኝ ትልቁ ሽማግሌ። "ለዚህ ነው ከፊንስበሪ ፓርክ ድረስ ያመጣኸን?"

"መነጽሩ ይናገራል፣ አባባ።"

"መነጽር ምን አፍ አለው! አጥፍቻለሁ በላት እንጂ!"

"ይተዉት፣ አባባ" አለች ባለቤቴ። "ትርኢት ላይ ነው። የእናቴም ለቅሶ ትርኢት ነበር። እኔ የፈለግኩት አንዲት ቃል ነበር።"

መነጽሩን ሳትነካ ተነሥታ መኝታ ቤት ገባችና በሩን ዘጋች።

እንዲህ ያለ በር በፊልም ሺህ ጊዜ አይቻለሁ። ዳይሬክተሩ ግን ከበሩ ኋላ ያለውን ያውቃል። እኔ ምንም አላውቅም። ግንባሬን በሩ ላይ አስደገፍኩ።

"አጥፍቻለሁ" አልኩ። "እናትሽን መሳቂያ አደረግኳቸው። ይቅርታ።"

ጆሮዬን ለጠፍኩ። ከኋላዬ ሽማግሌዎቹ ጫማቸውን ማጥለቅ ጀምረዋል።

"ና እንሂድ፣ ልጄ" አሉኝ ትልቁ።

"ትንሽ ይታገሡኝ፣ አባባ። ምናልባት አልሰማችኝም ይሆናል" አልኩና እንደገና፣ ከመጀመሪያው ጀመርኩ።