ለሐኪም ቀና ማለት

እናቴ ከመጉበጧ የተነሳ ቆቦ ገበያ ውስጥ ሰው የምትለየው በጫማው ነበር። ማሽላ ልትሸጥ ተቀምጣ ኮንጎ ጫማውን ታይና፣ ባለቤቱ ገና አፉን ሳይከፍት «ሚስትህ ተሻላት ወይ?» ትለዋለች። እኔ አስተማሪዋ ልጇ የተማሪዎቼን ስም እንኳ በወጉ አልይዝም።

እግሯ መደንዘዝ ሲጀምር አዲስ አበባ ወሰድኳት። ሐኪሙ ካልታከመች መራመድ ልታቆም እንደምትችል ነገረን። በቀዶ ጥገና ጀርባዋ ውስጥ ገብተው የሚደግፏት ሁለት ዘንጎች በራጇ ተለክተው፣ ውጭ አገር፣ ለእሷ ብቻ ይሠራሉ አለ። እናቴ ቀሚስ እንኳ በልኳ አሰፍታ አታውቅም።

ራጅ የሚያነሳው ሰውዬ ነጭ ጋወን ለብሶ ስታየው ሌላ ትልቅ ሐኪም መሰላት። በእኛ አገር የተከበረ ሰው ፊት እንደነገሩ አይቆምም። በረጅሙ ቀሚሷ ሥር ጀርባዋ የቀና እንዲመስል ጉልበቷን አጠፍ አደረገች፤ ጥርሷን ነክሳ ቀና አለች። ራጁንም እንደዚያው ሆና ተነሳች። እኔም በመስታወቱ በኩል እያየሁ፣ እውነቱን ለመናገር፣ ኮራሁባት።

ሐኪሙ ራጁን አይቶ «ካሰብኩት ይሻላል» ብሎ መለካት ጀመረ። ዘንጉ ሊሠራ የነበረው በእናቴ ይሉኝታ ልክ ነው። የሆዴን በሆዴ ልይዘው አልቻልኩም፤ ጉልበቷን አጥፋ እንደቆመች ነገርኩት።

«ሰው ፊት አዋረድሽኝ» አለች እናቴ።

ሐኪሙ አልሳቀም። ፊቱ ከፊቷ እስኪገናኝ ቁጢጥ አለና «እማማ፣ ለእኔ ብለው አይቁሙ። ቤትዎ እንደሚቆሙት ይቁሙ» አላት። ጉልበቷን ለቀቀች፤ ጀርባዋም እንደ ልማዱ ጎበጠ። አዲሱን ራጅ ሳይ አለቀስኩ፤ ይህን ሁሉ ተሸክማ ነው ገበያ የምትውለው።

ከወራት በኋላ ዘንጎቹ መጡ። ሐኪሙ አሳየኝ፤ ቀጥ ያሉ አልነበሩም። የሚያቀና ብረት ራሱ ቀጥ ያለ መስሎኝ ነበር። የደህና ሰው ጀርባም ይጎብጣል፣ ልኩ ነው የሚፈለገው አለኝ። ያን ልክ ከሩቅ አገር ሆኖ፣ የማያውቃትን ሴት በሐሳቡ አቁሞ ያገኘው ሰው ማን ይሆን? እስከ ዛሬ ይገርመኛል።

ቀዶ ጥገናው ካለፈ በኋላ ሁለት ነርሶች ከአልጋዋ ደግፈው አነሷት። እኔም ልይዛት ተጠጋሁ። «አልሐምዱሊላህ» ስትል ድምጿ ከአናቴ በላይ መጣ። እኔ አድጌ ስጨርስ እሷ ጎብጣ ስለነበር፣ ሁለታችንም ቀጥ ብለን ጎን ለጎን ቆመን አናውቅም። ቀና ብዬ አየኋት። እናቴ ከእኔ ትረዝማለች።