የደፈንኳቸው ቀዳዳዎች

ያላዋቂ ሳሚ ንፍጥ ይለቀልቃል የሚባለው ለእኔ ነው። ከጎጃም ተመድቤ አሶሳ ስመጣ የመንገድ ጥገና ፎርማን ነበርኩ፤ ያኔ ከኔ በላይ ላሳር ባይ ነኝ። ወደ ባምባሲ በሚወስደው መንገድ ላይ አንድ የጥንት ድልድይ አለ፤ ሁለት ቅስት፣ ጥርብ ድንጋዩ በኖራ የተያያዘ፣ ብረት የሚባል ነገር የሌለበት። በግራና ቀኝ ግንቡ ላይ እጅ የሚያስገቡ ቀዳዳዎች ተደርድረዋል። ድንጋይ የወለቀባቸው መሰሉኝ። በበጋ አንድ ሳምንት ሙሉ በሲሚንቶ ስደፍናቸው ሰነበትኩ፤ ስጨርስም ፎቶ ተነሳሁ።

ከድልድዩ አጠገብ ማሽላ የሚዘሩ የበርታ ሽማግሌ ነበሩ። ድልድዩ ሲሠራ አባታቸው ድንጋይ ያቀብሉ ነበር አሉ። ቆመው ሲያዩኝ ቆዩና፣ "ይሄ ድልድይ ውሃ ይጠጣል። መሽናት አለበት። ለምን ዘጋህ?" አሉኝ።

ሠራተኞቼ ሳቁ። "እሺ አባባ፣ ሽንት ቤት እንሠራለታለን" አልኩና እኔም አብሬ ሳቅሁ። ወደ ማሳቸው ተመለሱ።

ነሐሴ ገባ። ባምባሲ ያለችው ባለቤቴ ዘጠነኛ ወሯን ይዛለች። ፅንሱ በእግሩ ዞሯልና ከአሶሳ ሆስፒታል ውጭ እንዳትወልድ ተብላለች፤ መንገዱ ደግሞ በዚያው ድልድይ ነው። ሦስት ቀን ሳያባራ ዘነበ። በአራተኛው ጠዋት ወርጄ ሳይ የድልድዩ ግንብ ሆዱ ተነፍቷል። በድንጋዮቹ መሃል ጣቴ ገባ። ከላይ የሰረገው ውሃ መውጫ አጥቶ ግንቡን ሊያፈርሰው ነው። 

ሽማግሌው ቤት ሮጥኩ። "አባባ፣ አጥፍቻለሁ፤ ይድረሱልኝ" አልኳቸው።

መሮና መዶሻ አንስተው ቀድመውኝ ወጡ። ከታችኞቹ ቀዳዳዎች አስጀመሩኝ። እስከ ቀትር እየፈነቀልን ከፈትናቸው፤ ጭቃ ውሃው ደረታችን ላይ ይተፋ ነበር። ያበጠውን ጎን በግንድ ደገፍነው። በማግስቱ አምቡላንሱ ባለቤቴን ይዞ ቀስ ብሎ ሲያልፍ እኔ ከኋላው በእግሬ፣ እንባዬን እየጠረግሁ ተሻገርኩ። ሴት ልጅ ወለደችልኝ፤ ሁለቱም ደህና።

ልጄ ሦስት ወር ሲሞላት ይዣት ወደ ሽማግሌው ሄድኩ። እግዜር ይስጥልኝ ማለት አነሰብኝ። ስለሳቅሁባቸውም ይቅርታ ጠየቅኳቸው።

ልጄን ታቀፏት። "አልሐምዱሊላህ። አንተ ሳቅህ፣ ግን መጣህ" አሉኝ። "የታችኛውን ድልድይ ቀዳዳ የዘጋውም ሰው ስቋል። እሱ አልመጣም።"

የታችኛው ድልድይ የቱ ጋ እንደሆነ ጠየቅኳቸው። በአገጫቸው ወደ ወንዙ ጠቆሙኝ። ዞር ብዬ አየሁ፤ ውሃ ብቻ ነበር።