ማቲን የገደለው የራሱ እባብ አይደለም

ውሸት ነው በሉኝ እስቲ! ከጠዋት ጀምሮ ስልኬን እየከፈትኩ የምዘጋው አንድ ሰው እንኳ «ተሳስተን ነው» ይለኛል ብዬ ነው። የሚለኝ ጠፋ። መምህር ማቴዎስ፣ የሶዶው የባዮሎጂ አስተማሪ፣ የእኛ ማቲ፣ ዛሬ ጠዋት አርፏል። እፉኝት ነድፎት።

ለማታውቁት ልንገራችሁ፣ ማቲ እባብ ያሳድግ ነበር። አዎ፣ እባብ። ተማሪዎቹ «ቲቸር ሾሻ» ነበር የሚሉት፣ ሾሻ በወላይትኛ እባብ ነው። መርዝ የሌላቸው ሁለት ቡናማ እባቦች ነበሩት፣ እያንዳንዳቸው በየራሳቸው ባለመስታወት ሣጥን። ክፍል ይዟቸው ሲገባ የኋላ ወንበር ላይ የሚያንቀላፋ ተማሪ አይኖርም።

እኔና እሱ መጀመሪያ ስንቀጠር ሶዶ ላይ አንድ ክፍል ተከራይተን በደባልነት ኖረናል። እኔ የሒሳብ አስተማሪ ነኝ፣ እባብ ቀርቶ እንሽላሊት ያስደነግጠኛል። ሁለቱ ሣጥኖች ቤቱን ቢያጣብቡብኝ አንድ ቀን መረረኝና «በቃ አንድ ላይ አድርጋቸውና ለወንበሬ ቦታ ስጠኝ» አልኩት። ሳቀብኝ።

«ደባሌ፣ ተረቱን ረሳኸው እንዴ? እባብ ለእባብ ይተያያል ካብ ለካብ ነው የተባለው። በአንድ ካብ አልተባለም!»

ከዚያማ አስተማሪ አይደል፣ ሌክቸሩን ለቀቀብኝ። አንድ ላይ ሲሆኑ ተደራርበው ይተኛሉ፣ ሰው ደግሞ ተዋደዱ ይላል፤ ሞቅ ያለችውን ጥግ እየተሻሙ ነው እንጂ ምንም ፍቅር የለም አለኝ። የአንዱ በሽታ ለሌላው ይተርፋል። ምግብ የሸተታቸው ጊዜ ደግሞ አንዱ ሌላውን ሊውጥ ይችላል። «እኔ አንተን የቻልኩህ ሰው ስለሆንኩ ነው፣ እባብ ደባል አይችልም» አለኝ። ወንበሬን በረንዳ ላይ አወጣሁት።

ከዚያ ወዲህ «ካብ ለካብ» የእሱ አባባል ሆነ። የሚጣሉ ተማሪዎች ሲያይ «ካብ ለካብ!» ብሎ አራርቆ ያስቀምጣቸዋል። ስብሰባ ላይ ከማይወደው ሰው አጠገብ ከደረሰው ወደ እኔ ዞሮ ድምፅ ሳያሰማ በከንፈሩ ብቻ «ካብ ለካብ» ይለኛል። ስንቴ ዳይሬክተሩ ፊት በሳቅ አስገምቶኛል መሰላችሁ!

አሁን ወደ አንተ ልምጣ።

ስምህን አልጠራም፣ ራስህን ታውቃለህ። ዛሬ ከማቲ ጋር የተነሳኸውን ፎቶ ለጥፈህ «ወንድሜን አጣሁ» ያልከው ሰውዬ። ስንቱ የዋህ ከስር «አይዞህ» ብሎ ጻፈልህ።

ጠዋት እኔ አሁን የማስተምርበት አረካ ደውለህ እያለቀስክ ምን እንዳልከኝ ላስታውስህ? ትናንት ከቤሌ በጀሪካን እባብ ይዘህ መጣህ። ማቲ ቸርች ነበር። በሰጠህ ቁልፍ ቤቱን ከፍተህ፣ ከሁለቱ ሣጥን አንዱን ከፍተህ ገለበጥክበት። ለምን ስልህ «እባቡ ብቻውን ሲሆን አሳዘነኝ፣ ብቻውን የበላ ብቻውን ይሞታል ይባል የለ? ሰርፕራይዝ ላደርገው ብዬ ነው» አልከኝ።

ሰርፕራይዝ! ሰውዬ፣ እባብ እኮ ነው! ማዕድ የሚቆርስ እንግዳ መሰለህ? ለእባብ የተተረተው ተረት እያለ ለሰው የተተረተውን እባብ ላይ ጫንከው። ማቲ ቤት ስትበላ ስትጠጣ «አይደባለቁም» ሲል ሰምተኸዋል፣ ጆሮህ የት ነበር? ያመጣኸው ደግሞ እፉኝት ነው።

ማቲ ከቸርች ተመልሶ እንደ ልማዱ ውሃ ሊቀይር እጁን ሣጥኑ ውስጥ ከተተ። የራሱ እባብ ነዋ፣ ምን ያስፈራዋል? ሳሩ ስር ሌላ መኖሩን የነገረው የለም። ጎረቤት ተሸክሞ ሐኪም ቤት አደረሰው፣ አልሆነም። እባቦቹንም ሰፈሩ ወጥቶ፣ ጥፋት ያለውንም የሌለውንም፣ ሁሉንም በዱላ ጨረሳቸው።

እስከዚህ ያለውን ስህተት ነው ብዬ ልውጠው እችል ነበር። ሰው ይሳሳታል። የማልውጠው ለቅሶ ቤት ስደርስ ያየሁትን ነው። ድንኳኑ መሃል ተቀምጠህ «ያሳደገው እባብ ካደው፣ ስንቴ ተው ብዬው ነበር» ትላለህ!

ለማን ነው የምትለው? ለእናቱ! እማማ አበበች ከድሮም እባቦቹን የሰይጣን ነገር ነው እያሉ ሲጸልዩ የኖሩ ሴት ናቸው። አሁን አንገታቸውን ደፍተው የገባውን ለቀስተኛ ሁሉ «ልጄ ከሰይጣን ጋር ነበር ወይ የሚኖረው?» እያሉ ይጠይቃሉ። ለቀስተኛው ይንሾካሾካል። አንተ አጠገባቸው ሆነህ ሶፍት ታቀብላቸዋለህ። አቤት ድፍረት!

ወደ ውጭ ጠርቼህ «ንገራቸው» ስልህ «አሁን ምን ይፈይዳል፣ የሞተ አይመለስ» አልከኝ። መጋቢያችንም ሰምተው «ለቅሶ ቤት ቂም አይያዝም፣ ይቅር በለው» አሉኝ። ይቅርታውን እግዚአብሔር ይስጥህ፣ እሱ ባለጸጋ ነው። እኔ ጋ የለም።

ስማኝ። ነገ አስከሬኑ ከቤት ሳይወጣ እናቱ ፊት ቆመህ በገዛ አፍህ ትናገራለህ። ካልተናገርክ እኔ እናገራለሁ፣ በወላይትኛ፣ ድምፄን ከፍ አድርጌ፣ ጣቴን ወደ አንተ ቀስሬ። ከዚያ በኋላ ሶዶ ውስጥ አብሮህ ሻይ የሚጠጣ ሰው ፈልግ። ሻንቶ ብትሸሽ ሻንቶ እመጣለሁ፣ አረካ ብትመጣ እኔው አለሁልህ። ያንን ፎቶም አውርደው፣ ማቲ አጠገብህ ሆኖ ሲስቅ ማየት አልችልም።

ማቲዬ፣ አንተ ብትሆን ይሄን ሰው ይቅር ትለው ነበር፣ አውቃለሁ። ቁልፍህን የሰጠኸውም እንዲህ ያለ ልብ ስላለህ ነው። እኔ እንዳንተ አይደለሁም፣ ዛሬን ብቻ ቻለኝ።

ደህና ሁን ወንድሜ፣ በሰላም እረፍ። ነገ እናትህ ባንተ አፍረው አይቀብሩህም።