እትዬ ለተብርሃን በባተርሲ ሜዳ

ቅዳሜ ጠዋት ከካሌዶኒያን ሮድ የተነሣሁት ለአንድ ጉዳይ ነው። እትዬ ለተብርሃን ሰኞ ዳሌያቸውን ኦፕሬሽን ይደረጋሉ፤ ከዚያ በፊት በቴኒስ ሜዳ አንዲት እውነተኛ ነጥብ ማግኘት አማረኝ ብለው ላኩብኝ። ከቤተ ክርስቲያናችን ሰው ራኬት የሚይዝ እኔ ብቻ ነኝ። የስደት ወገኖቼ በሚሰበሰቡበት ካፌ ውስጥ የዘጠና ሰባቱ ምርጫ ክርክር እንደጦፈ ትቼ ባቡር ያዝኩ፤ ከዚያም አውቶቡስ።

አራት ሰዓት፣ ስትሪትሃም

እትዬ የሰባ አምስት ዓመት የአስመራ ሰው ናቸው። ነጭ ቀሚስ ለብሰው ቤታቸው በር ላይ ጠበቁኝ። ግድግዳው ላይ የወጣትነታቸውን ፎቶ ሳይ አፌን ከፍቼ ቀረሁ፤ ራኬት ይዘው ከመሬት ክንድ ያህል ተነሥተው አየር ላይ ናቸው! ለካ ቴኒስ ክለብ ውስጥ ኳስ በመልቀም ጀምረው፣ ከአንዲት በቀር ያላሸነፏት ሴት አልነበረችም።

«እሷ ማን ነበረች?»

«የትልቅ ሹም ሚስት። በፍጻሜው ዳኛው ፈራ፤ የወጣ ኳሷን ሁሉ ‹ገብቷል› አለላት። ዋንጫዬ እንዲያ ሄደ።»

ስድስት ሰዓት፣ ባተርሲ

«ሜዳውን ቡክ አድርገሃል?» አሉ ከአውቶቡስ ስንወርድ።

«አዎ፣ እትዬ።»

ከዘራቸውን አጥሩ ላይ አስደግፈው ቆሙ። እኔም በታላቅ ሰው ላይ ኳስ በኃይል መምታት ነውር መስሎኝ ቀስ አድርጌ ሰጠኋቸው። የመለሷት ኳስ ከመስመሩ አንድ ስንዝር አልፋ ወደቀች።

«ገብቷል! ነጥቡ የእርስዎ ነው!» አልኩ፣ እጅ እየነሣሁ።

ፊታቸው ጠቆረ። እያነከሱ መጥተው ኳሷ የወደቀችበትን በራኬታቸው ጠቆሙ። «አንተም? እኔ ለዚህ ነው የመጣሁት? ወጥቷል በል!»

በሐፍረት ጆሮዬ ጋለ። «ወጥቷል፣ እትዬ።»

«በል አሁን ምታ። ስለ ማርያም፣ እንዳትምረኝ።»

ሳልራራ መታሁ። እትዬ የመለሷት ኳስ በግራ ጎኔ አለፈች፤ ዞር ስል ነጩ መስመር ላይ ነጥራ አጥሩን መታች። በዚያ ዳሌ እንዴት እንደደረሱባት እስከ ዛሬ አይገባኝም።

«ምን ትላለህ?» አሉ ከመረቡ ማዶ።

«ገብቷል።»

መረቡን ይዘው መስመሩን አሻግረው አዩ።

አመሻሽ፣ ቤቴ

ሰው ማክበር ሆን ብሎ መሸነፍ ይመስለኝ ነበር። ስንቱን ታላቅ ሰው በሐሰት ሳስደስት ኖሬያለሁ! ጫማዬን ሳላወልቅ ስልኩ ጠራ፤ እትዬ ናቸው።

«ልጄ፣ እውነት ገብቷል?»

«እግዚአብሔር ምስክሬ ነው፣ ገብቷል።»

ረጅም ትንፋሽ ሰማሁ።

«እንግዲህ ሰኞ ይምጣ» አሉኝ።